ፎቶን ገረፍ አድርጎ ማየትና ማጉላት፦ ማክ ወይስ ዊንዶውስ?

ፋይንደር በተባለው የማክ የፋይሎች ማሳያ ውስጥ ፎቶ መርጦ የስፔስ ቁልፍን መጫን ምስሉን ወዲያውኑ በሰፊው ያሳያል፤ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ያለው ይህ ኩዊክ ሉክ የተባለ አገልግሎት በቀስት ቁልፎች ከፎቶ ወደ ፎቶ ስለሚያሻግር፣ ከብዙ ፎቶዎች መካከል ለሚመርጥ ሰው ሥራውን በእጅጉ ያቀላል። ዊንዶውስም አልትና ፒ ሲጫኑ በፋይል ኤክስፕሎረር ጎን የሚከፈት የማሳያ ክፍል አለው፤ ነገር ግን ጠባብ በመሆኑ የፎቶን ጥራት ለመመዘን አያስተማምንም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ማጉላቱ ነው። 6000 በ4000 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች) የሆነ ፎቶ 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ በ100 በመቶ፣ ማለትም አንድ የምስል ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል ላይ አርፎ ሲከፈት፣ በአንድ ጊዜ የሚታየው ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም፤ የዓይን ሽፋሽፍት ጥርት ብሎ መውጣቱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን በዚህ መጠን ነው። ፕሪቪው የተባለው የማክ ምስል መመልከቻ 100 በመቶ ሲባል አንድ የምስል ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል ላይ ይረፍ ወይስ ምስሉ በኅትመት መጠኑ ይታይ የሚለውን በቅንብሩ ያስመርጣል፤ ይህን ሳያዩ ጥራትን መፍረድ ያሳስታል። ፎቶስ የተባለው የዊንዶውስ ምስል መመልከቻ በበኩሉ የማውሱ ጎማ እንዲያጎላ ወይም ወደ ቀጣዩ ፎቶ እንዲያሻግር ያስመርጣል፤ በማውስ ብቻ ለሚሠራ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህኛው ይመቻል።