ሰኞ ገበያ ያለችው እህል ቤት

ታፔላ የላትም። ደሴ ሰኞ ገበያ ገባ ብላችሁ በር ላይ የተደረደረ ጆንያ ስታዩ፣ እሷ ልትሆን ትችላለች። ባለቤቷን እትዬ ነው የምላቸው።

ድሮ የታሸገ ሽሮ ነበር የምገዛው። ለአራት ሰው ሳምንት አይደርስም። አሁን ከእትዬ አተርና ሽምብራ ገዝቼ ራሴ ቆልቼ እከካለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮረሪማ ጨምሬ አስፈጫለሁ። ልፋት አለው፤ ቅዳሜዬ እዚያው ያልቃል። ግን አንዴ ካስፈጨሁ ሁለት ወር እንበላለን። ወጡም ወፈር ይላል።

ጤፍ ብቻውን መጋገርማ ትቻለሁ። ግማሽ በግማሽ ከነጭ ማሽላ ጋር እንዳደርገው የመከሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ቀን እንጀራው እንደ ቆርቆሮ ደረቀብኝ። ሄጄ ብነግራቸው ሳቁ። «አብሽሪ! አብሲቱን አሳንሰሽ ነው» አሉኝ። እውነትም ሳበዛው ለሰለሰ። ያም ሆኖ በማግስቱ ይደርቃል፤ እሱን ለፍርፍር ነው የማውለው።

እንከን የለም አልልም። ምስሩ ጠጠር ይበዛዋል፤ ሳትለቅሙ ብትቀቅሉ ለጥርሳችሁ እዘኑ። ሚዛንም የላቸውም፤ በጣሳ ነው የሚሰፍሩት። ግን ከላይ ምራቂ ጣል ያደርጋሉ።

ወፍጮ ቤቱን ግን ራሳችሁ ምረጡ። እኔ የሄድኩበት በርበሬ ፈጭቶ ሳያጠራ የኔን ማሽላ ጨመረበት። ልጆቼ ያንን እንጀራ በውሃ እያወራረዱ ጨረሱት።

ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት ጥሩው ሽምብራ ያልቃል።