ለአንድ የፍጥነት መለኪያ ገመድ ያለቁ 11 ቀናት

ከፍራንክፈርት ለሦስት ሳምንት ወደ ባሕር ዳር ስመጣ ከምንም በላይ የጓጓሁት የአባቴን ፊያት 1100 አር በጣና ዳር ለማሽከርከር ነበር። ሞተሯና ካምቢዮዋ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቶዮታ ኮሮላ ስለተተኩ በደንብ ትሄዳለች። የማይሠራው የፍጥነት መለኪያው ብቻ ነበር፤ የፊያቱ ገመድ ጫፍ ከቶዮታው ካምቢዮ ጋር አይገጥምም።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ ሥራው ግማሽ ቀን እንደሚፈጅና 4,500 ብር እንደሚበቃው ነገረኝ። በማግስቱ ስመለስ ሠራተኛው ዕቃ ፍለጋ ወጥቷል ተባልኩ፤ በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት ሁሉ «ነገ ጠዋት ይምጡ ጋሼ» በሚል ቃል አለቁ። ጋሼ ሲሉኝ ልቤ ይራራ እንደነበር አልክድም፤ ፍራንክፈርት ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ባጃጅ እየተሳፈርኩ በተመላለስኩ በ11ኛው ቀን መኪናዋን ስረከብ ሒሳቡ 14,000 ብር ሆኖ ጠበቀኝ፤ ከዚህም ውስጥ 6,500 ብሩ «ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ ገመድ» ዋጋ ነው ተባለ። ደረሰኝ ስጠይቅ 15 በመቶ እንደሚጨመርብኝ ተነገረኝ። በምኖርበት አገር የሥራው ግምት አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ይህን እዚህ ሳልጠይቅ መኪናዋን ትቼ መሄዴ የራሴ ጥፋት ነው።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ስልኬ ፍጥነታችን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው ሲል መለኪያው 39 ያሳይ ነበር። ተመልሼ ስናገር «የድሮ መኪና ነው፣ ቀስ ብለው ቢነዱ ይሻላል» አሉኝ። ቀስ ብዬ መንዳቴን በምን እንደማውቀው ግን አልነገሩኝም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ወደ ጢስ ዓባይ ስንሄድ፣ ጠቋሚው ይርገበገብ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ዜሮ ወርዶ ቀረ። ሽፋኑ ሲከፈት አዲስ የተባለው ገመድ የፊያቱና የአንድ ቶዮታ ቁራጭ መሀል ላይ በብየዳ የተቀጣጠለበት ሆኖ ተገኘ። የተበየደው ቦታ ስለማይተጣጠፍ ገመዱ በሚታጠፍበት ላይ ተሰብሯል።

ያዳነን ከገበያው አቅራቢያ ያለ፣ ብረት እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን የሚሠራ አንድ ትንሽ ቶርኖ ቤት ነው። አዛውንቱ ባለሙያ ገመዱን ከመንካታቸው በፊት መቁጠር ጀመሩ። መለኪያው ስለ መኪናዋ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ገመዱ ውስጡ ያለውን ማግኔት ያዞራል፣ ማግኔቱም በቀጭን ስፕሪንግ የተያዘውን የአሉሚኒየም ክዳን ይጎትታል፤ ስለዚህ የሚያሳየው የገመዱን ዙር ብቻ ነው። መለኪያውን ከቶርኖው ጋር አያይዘው በደቂቃ 1,000 ዙር ሲያዞሩት 60 አሳየ፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ዙር ይፈልጋል ማለት ነው። ቀጥለው መኪናዋን 20 ሜትር አስገፍተው የካምቢዮው መውጫ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጠሩ፤ 20 መሆን ሲገባው 13 ሆነ። ጋራዡ በ11 ቀን ያላደረገው ይህን የሩብ ሰዓት ቆጠራ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በፍጥነቱ ብቻ አያበቃም፤ የተነዳውን ኪሎ ሜትር የሚቆጥረውም ይኸው ገመድ ስለሆነ፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀይር ሰው በእንዲህ ያለ መለኪያ ቢመራ ወደ 7,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል።

ካምቢዮው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባለ ጥርስ መዘውር መቀየር ይህን ያህል ልዩነት እንደማይሞላ አስረድተውኝ፣ በገመዱ መንገድ ላይ የሚገባ ከጡጫ የማይበልጥ ሣጥን ሠሩ፤ በካምቢዮው በኩል ባለ 20፣ በመለኪያው በኩል ባለ 13 ጥርስ መዘውር አድርገው መሀላቸው ሦስተኛ መዘውር አስገቡ። ሦስተኛዋ ለምን እንዳስፈለገች ስጠይቃቸው፣ ሁለት መዘውሮች ብቻ ቢነካኩ ገመዱ ወደ ኋላ ስለሚዞር ጠቋሚው ከዜሮ እንደማይነሣ ነገሩኝ። ገመዱንም ያለ ቅጥያ ወጥ አድርገው፣ እንዳይጠብ ሰፋ ባለ እጥፋት መለሱት።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጅቶ 5,000 ብር ተከፈለበት፤ መጀመሪያ የተነጋገርነውም ይኸው ነበር። በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ስልኬ 60 ሲል ጠቋሚው በ59 እና በ60 መካከል ቆመ። ደረሰኙ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ቢሆንም፣ ወደፊት ለሚነካካው ሰው ብለው «20 በ13» የሚል ጽፈውበታል፤ አባቴ ከሊብሬው ጋር አስቀምጠውታል።