የቆሽት መቆጣት፦ ድንገተኛው እና ሥር የሰደደው

ድንገተኛው ፋታ አይሰጥም። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ይጀምርና ጀርባ ድረስ ይዘልቃል። ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ይቀላል። ያስመልሳል። መነሻው ብዙ ጊዜ የሐሞት ጠጠር ወይም አልኮል ነው። ሕመሙ እንዲህ ሆኖ በደም ውስጥ ያለው ላይፔዝ (ቆሽት የሚያመነጨው ቅባት ፈጪ ኢንዛይም) ከመደበኛው ጣሪያ 3 እጥፍ ከደረሰ፣ ነገሩ ታወቀ ማለት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር ፈሳሽና ማስታገሻ መውሰድ ያስፈልጋል። ለቀናት ማስራብ ግን የድሮ ልማድ ነው፤ ከቻለ ቶሎ ይብላ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሥር የሰደደው ነው፤ ያዘናጋል። ላይፔዙ ደህና ሊሆን ይችላል። ሲቲ ስካን ላይ ግን ቆሽቱ ውስጥ የካልሲየም ክምችት ሊታይ ይችላል። ሰገራው ቅባታም ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል። ስኳርም ሊከተል ይችላል። አልኮልና ሲጋራ ማቆም ግድ ነው። ቆሽቱ ያጓደለውን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚተካው እንክብል የሚዋጠው ከምግብ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ አይጠቅምም።