ደመወዝ ወይስ የመቶኛ ድርሻ? አማካሪ የሚሠራበትን የግል ማዕከል ሲመርጥ

የሥነ ልቦና አማካሪነት ፈቃዳቸውን አውጥተው ሥራ የሚፈልጉ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ከእያንዳንዱ የምክር ክፍለ ጊዜ 60 በመቶ እሰጣለሁ ከሚለው የግል ማዕከልና አነስ ያለ የሚመስል ወርሃዊ ደመወዝ ከሚያቀርበው የትኛው ይሻላል? ሥራውን ገና ለጀመረና የራሱ ተገልጋዮች ለሌሉት አማካሪ ደመወዙ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ግን ማዕከሉ ሱፐርቪዥኑን፣ ማለትም አማካሪው የያዛቸውን ጉዳዮች ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር የሚመክርበትን ጊዜ፣ በራሱ ወጪ የሚሸፍን ከሆነ ነው።

ብዙዎችን የሚስበው 60 የሚለው ቁጥር ስለሆነ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ተገልጋዩ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚከፍለውን 100 እንበል። በሳምንት 25 ቀጠሮ የተያዘለት አማካሪ 1,500 አገኛለሁ ብሎ ያስባል። ከ25ቱ አምስቱ ሳይመጡ ቢቀሩና ማዕከሉ ለቀረ ቀጠሮ የማይከፍል ከሆነ ግን ገቢው 1,200 ይሆናል። ውሉ ላይ «ከተጣራ ገቢ» የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ ድርሻው የሚሰላው የክፍያ ማስተላለፊያው፣ የቀጠሮ ሶፍትዌሩና የማስታወቂያው ወጪ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህ ወጪ 10 ቢሆን ከቀሪው 90 የአማካሪው ድርሻ 54 ነው፤ በ20 ክፍለ ጊዜ 1,080 ማለት ነው። በሳምንት ለአንድ ሰዓት ሱፐርቪዥን ከኪሱ 100 ሲከፍል በእጁ የሚቀረው 980 ይሆናል። የሰጠው ጊዜ ደግሞ ተገልጋዮቹን የጠበቀባቸውን ጨምሮ 25 የቀጠሮ ሰዓት፣ ማስታወሻ የጻፈባቸው 5 ሰዓቶችና የሱፐርቪዥኑ 1 ሰዓት፣ በድምሩ 31 ሰዓት ነው። ለሰዓት ሲካፈል 32 እንኳ አይሞላም። እነዚህኑ 31 ሰዓቶች በ40 የሚያስብ ደመወዝ ከፋይ ማዕከል 1,240 ይከፍላል።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ስለሆኑ እያንዳንዱ አማካሪ በቀረበለት ውል ቁጥሮች ይተካቸው። ማንም የማይቀር፣ ከድርሻው በፊት ምንም የማይቀነስና ሱፐርቪዥኑም በነፃ የሚሰጥ ቢሆን 60 በመቶው በሰዓት ከ46 በላይ ይሆናልና ድርሻው ደመወዙን ይበልጣል። ሆኖም ቀጠሮውን የሚሞላው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ወሳኝ ነው፤ ተገልጋይ የማምጣቱን ሸክም በአማካሪው ላይ ጥሎ 40 በመቶውን የሚወስድ ማዕከል ከክፍል ኪራይ ያለፈ ነገር እየሰጠ አይደለም።

ከገንዘቡ ይልቅ ብዙዎች የሚታለሉት በስም ብቻ ባለ ሱፐርቪዥን ነው። ከሠራሁባቸው ማዕከላት በአንዱ የሱፐርቪዥን ሰዓት የሚጀምረው የአማካሪዎች ስምና ስንቱ ተገልጋይ እንደተመለሰላቸው በሚያሳይ ሰንጠረዥ ነበር፤ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ተገልጋይ ጉዳይ ይዞ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ተራ የደረሰው ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ነው። እውነተኛው ሱፐርቪዥን በክፍሉ ውስጥ ምን እንደተባለ፣ አማካሪው ምን እንደተሰማውና ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይጠይቃል። ድርሻውን የሚቆርጠው ባለቤት ራሱ ሱፐርቫይዘር በሆነበት ቦታ ደግሞ «ይህ ጉዳይ ከበደኝ» ብሎ መናገር እጅግ ያስቸግራል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 የሙያ መዛልን (በርንአውት) ሲገልጽ የተመለከተው በነፃ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩ፣ ለሰው ሲሉ ጉልበታቸውን የጨረሱ ሰዎችን እንደነበር ማስታወስ ይገባል። በቃለ መጠይቁ ላይ «አንድ ተገልጋይ ማታ ላይ ሕይወቱን ሊያጠፋ እንደወሰነ ቢነግረኝ ለማን እደውላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል። የሚደወልለትን ሰው ስም፣ ስልክና የተጻፈ መመሪያ የሚያሳይ ማዕከል ተዘጋጅቶበታል፤ «እንደ ሁኔታው እናያለን» የሚለውን ግን እኔ አልቀጠርበትም።

ደመወዝ የሚከፍለውም ማዕከል ቢሆን ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ትልቁ ጉድለቱ ደመወዙ ሳይጨምር የቀጠሮው ቁጥር ቀስ በቀስ ማደጉ ነው። በ20 የተጀመረው 30 ሲደርስ ለሰዓት የተሰላው ክፍያ ከድርሻው በታች ሊወርድ ይችላልና የሳምንቱ ከፍተኛ የክፍለ ጊዜ ቁጥር ውሉ ላይ በአኃዝ መጻፍ አለበት። ለሥልጠና ያወጣሁትን ካልመለስክ አትለቅም የሚል አንቀጽም ካለ፣ የሥልጠናው ዋጋ አስቀድሞ ካልተገለጸ በቀር መፈረም አይገባም።

የመውጫው በር በሁለቱም ዓይነት ማዕከላት እኩል መፈተሽ ያለበት ነው። አማካሪው ሲለቅ የተገልጋዮቹ መዝገብ ማን ዘንድ ይቀመጣል? ተገልጋዮቹስ ወዴት እንደሄደ ቢጠይቁ ይነገራቸዋል? የአሜሪካ የካውንስሊንግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ተገልጋይን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድን ይከለክላል፤ ተገልጋይ ለላከ ሰው ኮሚሽን መስጠትንም ሆነ መቀበልን አይፈቅድም። ስለዚህ ማዕከሉ የሚወስደው ድርሻ ለክፍሉ፣ ለአስተዳደሩና ለሱፐርቪዥኑ የሚከፈል መሆኑን በግልጽ ማስረዳት መቻል አለበት። መሰናበቻ ክፍለ ጊዜ እንኳ ሳይፈቅድ አማካሪው በለቀቀበት ቀን ቀጠሮዎቹን ለሌላ የሚያዛውር ማዕከል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ተገልጋዩን ነው።

ክፍል ተከራይቶ ለብቻ መሥራት ሦስተኛው አማራጭ ቢሆንም የራሱ ተገልጋዮች ላሉት፣ የሙያ ኃላፊነት መድንና ቋሚ ሱፐርቫይዘር ላለው ሰው የሚሆን ነው።

ከመፈረም በፊት ሁለት ነገሮች ይጠየቁ። አንደኛው፣ በማዕከሉ የሚሠራ የአንድ አማካሪ ያለፈው ወር የክፍያ ሰነድ ስሙ ተሸፍኖ እንዲታይ ነው፤ ቅናሾቹ በሙሉ እዚያ ላይ ተዘርዝረው ይገኛሉ። ሁለተኛው፣ በቅርቡ ከለቀቀ አማካሪ ጋር ማዕከሉ እንዲያገናኝ ነው፤ ያን አማካሪ የመጨረሻ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደደረሰው ይጠይቁት።