ቤቴ ድረስ መጥቶ ቺንጋዬን ለቀየረልኝ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የዘገየሁት ረስቼ አይደለም። «እስቲ የመኪናዬ ጩኸት ተመልሶ እንደማይመጣ ልይ» ብዬ ነው። ከዚህ በፊት ቸኩዬ ያመሰገንኳቸው ሰዎች አሳፍረውኛል። አሁን ግን ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ መኪናዬም ዝም ብላለች። ስለዚህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ቦሌ አራብሳ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ጎሮ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይ ጋራዥ በር ላይ ስትደርሱ «ዛሬ ደግሞ ስንት ይሉኝ ይሆን» እያላችሁ ሆዳችሁ የሚባባ፣ ይህን ልጅ ያዙት። እባካችሁ ያዙት።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት። ጠዋት ሳስነሳት ትጮኻለች። ሌሊት ዝናብ ከጣለማ አይጣል ነው፤ ብሎኩ ሁሉ መስኮት ከፍቶ ያየኛል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ አንድ ቀን «ቲቸር፣ የእርስዎ መኪና ከዶሮ ቀድማ ትቀሰቅሰናለች» አሉኝ። ስቄ አለፍኩ። ውስጤ ግን አልሳቀም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሰውዬ ኮፈኑን በቅጡ ሳይከፍት «ቺንጋ ነው» አለኝ። (ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። ፋን ቤልት የምትሉትም አላችሁ፣ ያው ነው።) ቀየረ። ከፈልኩ። አመሰገንኩ። አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ ጩኸቱ ተመለሰ። ተመልሼ ስሄድ «እኔ የቀየርኩት አይጮህም፣ ሌላ ነገር ነው» ብሎ ሌላ ሂሳብ ሊጀምርልኝ ፈለገ።

ሁለተኛው ጋራዥ ትልቅ ነው። መቀመጫ አለው፣ ሻይም ይቀርባል። እዚያ ደግሞ «ዲናሞው ሞቷል» ተባልኩ፤ ባትሪ የሚሞላው ማለት ነው። 17 ሺህ ብር። አራት ቀን አቆይተው ሲመልሱልኝ ከኋላ የነበረው መኪና ማንሻ፣ ክሪኩ፣ የለም። ስጠይቅ አንዱ አንዱን ያያል። ክሪኩስ ይሁን፣ ይብሉት። የሚያንገበግበኝ ጩኸቱ በአሥረኛው ቀን መመለሱ ነው። አስቡት፣ ያ ዲናሞ ለጩኸቱ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። እኔ ግን የሁለት ወር የቤት አስቤዛዬን ከፍዬበታለሁ።

ሦስተኛውን ብተወው ይሻለኝ ነበር፣ ግን አልተውም። ከኪሱ የልብስ ሳሙና ቁራጭ አወጣ። ሞተሩ እየሠራ ቺንጋው ላይ አሸት አሸት አደረገበት። መኪናዋ ዝም አለች። «አየሽ እህት?» አለኝና 500 ብር ተቀበለኝ። ዞር ስል ለጓደኛው «ሴት ስትነዳ እንዲህ ነው» ሲለው ሰማሁት። ቤቴ ሳልደርስ ጩኸቱ ጀመረ። ለአንድ የሳሙና ቁራጭ 500 ብር! በዚያ ብር ስንት ቀን ልብስ አጥብበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆረጥኩ። ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ መንዳት ጀመርኩ። አትሳቁ፣ ስንቶቻችሁ እንደምታደርጉት አውቃለሁ።

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ዓርብ ጠዋት ሚኒሊክ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ረቡዕ ከሰዓት ከላምበረት መናኸሪያ ተቀብያት ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። ለእሷ ስል ሬዲዮውን አልከፈትኩም። ሲኤምሲን ሳናልፍ እናቴ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አለችኝ። «ተሠርታለች እማዬ፣ ጠባይዋ ነው» አልኳት። ለእናት መዋሸት እንዲህ በፍጥነት ይጋለጣል አላልኩም ነበር።

አያትን አልፈን አራብሳ ልንገባ ስንል ጷ! አለ። መሪው ድንጋይ ሆነብኝ። የባትሪ ምልክቱ ቀይ በራ። የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። እኔ «ትንሽ ነው የቀረን» እያልኩ ልቀጥል ስል እናቴ «በስመ አብ! ቁሚ ልጄ፣ ቁሚ!» አለች። ቆምኩ። በኋላ እንደተነገረኝ ያቺ «ቁሚ» ናት ሞተሬን ያተረፈችው።

ጎታች ስጠራ 6 ሺህ ብር አለኝ። ለአንድ ኪሎ ሜትር! የሰፈር ልጆች በዝናብ እየገፉ ብሎካችን በር ላይ አደረሱልኝ። እነሱንም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ፤ ጫማቸው በጭቃ አልቆ ነበር።

የብሎካችን ጥበቃ ሁሉን አይቶ «ቲቸር፣ አንድ ልጅ አለ» አለኝ። «ጋራዡ የት ነው?» አልኩት። «ጋራዥ የለውም። ቦርሳ ነው ያለው» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ አላመንኩትም። ግን ዓርብ ቀጠሮ አለ። አስደወልኩት።

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በዝናብ መጣ። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማያወራ ልጅ ነው። መጀመሪያ እናቴን ሰላም አላት። «እማማ፣ እንደምን አመሹ፣ ከመንገድ ነው የመጡት?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ሦስት ቦታ ሄጄ ማንም አልጠየቀኝም። ማንም!

መልስ ስፈልግ እናቴ ቀደመችኝ። «ስትነሳ ነው የሚብስባት። ስትሮጥ ይቀንሳል። ደግሞ ሁለት ድምፅ ነው ያላት፣ አንዱ ጩኸት ነው፣ አንዱ ከሥር የሚንከባለል ነው» አለች። እኔ አፍሬ «እማዬ ግቢ፣ ብርድ ነው» አልኳት። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። «የሚንከባለል?» አለ። ጃንጥላ አስያዘኝና በርጩማ አስመጥቶ እናቴን ከመኪናዋ ጎን አስቀመጣት።

የተበጠሰውን ቺንጋ ጎትቶ አወጣ። ቺንጋው የሚዞርባቸውን ክብ ክብ ነገሮች አንድ በአንድ በጣቱ ማሽከርከር ጀመረ። «እማማ ይስሙ እስቲ፣ ይሄ ነው?» «አይደለም።» «ይሄስ?» «እሱም አይደለም።» ሦስተኛውን ይሁን አራተኛውን ሲያሽከረክር እኔም ሰማሁት፤ ደረቅ አተር በቆርቆሮ ውስጥ ሲንከባለል የሚሰማው ዓይነት። እናቴ ከበርጩማዋ ልትነሳ ምንም አልቀራት። «እሱ ነው! እሱ ነው ሲያለቅስ የነበረው!»

ልጁ ሳቀ። «እማማ ከእኔ ይበልጣሉ» አላት።

እኔ ስለ መኪና ብዙ አይገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ያ የሚንከባለለው ነገር ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ነው፤ ኩሽኔታው፣ ማለትም ውስጡ ሆኖ የሚያሽከረክረው፣ አልቋል። «ቲቸር፣ ይሄ ሳይቀየር አሥር ቺንጋ ቢያስገቡ ይበላዋል» አለኝ። በእኔ መኪና አንድ ቺንጋ ነው ሁሉንም የሚያዞረው፤ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪውን፣ ኤሲውን። ለዚህ ነው ሲበጠስ መሪው የከበደኝ፣ ባትሪው የበራው፣ ሙቀቱ የወጣው። ብቀጥል ኖሮ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ማሸጊያ) ይቃጠል ነበር፣ ቴስታታውም ሊጣመም ይችል ነበር። ቴስታታ ምን እንደሆነ አላውቅም። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን በደንብ ገባኝ።

የተበጠሰውን ቺንጋ በስልኩ መብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ላዩ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ቺንጋው ላይ በቁመቱ የተቀረጹት መስመሮች ብዛት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር። ያኛው ሰውዬ ያስገባልኝ አንድ መስመር ይጎድለው ነበር። ልጁ ማን እንዳስገባው አልጠየቀም፣ ማንንም አልሰደበም። እኔ ግን በሆዴ ሰደብኩ። በጾም ምድር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄደ። በታክሲ፣ በዚያ ዝናብ፣ ከአራብሳ መርካቶ! ስድስት ሰዓት አካባቢ ተመለሰ። ዕቃ መግዣ 6 ሺህ ብር ሰጥቼው ነበር። 800 ብር መልስና ደረሰኝ እጄ ላይ አስቀመጠ። የታክሲውን እንኳ አልቆረጠም። ሰው እንዲህ ሲሆንብኝ ግራ ይገባኛል፤ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።

ቺንጋው የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳየው ወረቀት ኮፈኑ ላይ የለም፣ ድሮ ተላጥቷል። እሱ የፓስታ ካርቶን ቀዶ በእስክሪብቶ ሣለልኝ። መስመር ያለው ክብ የቺንጋውን መስመር ይይዛል፣ ለስላሳው ደግሞ ጀርባውን። «ክፍለ ሀገር ሄደው ቢበጠስብዎት ለሚሠራው ሰው ያሳዩት» አለኝ። ተመልከቱ፣ ሌላ መካኒክ እንዲሠራው ነው የሣለልኝ። ካርቶኑ አሁን መኪናዋ ውስጥ ነው። ሊብሬዬ ቢጠፋ እንጂ እሱ አይጠፋም።

አሠራሩን አልተርክም፣ አልገባኝምና። አንድ ረጅም መፍቻ አስገብቶ ወጣሪውን ገፋ፣ ቺንጋውን አሾለከው፣ ለቀቀው። ከማስነሳቱ በፊት ሁሉም መስመር ቦታው መግባቱን እንደ ዓይነ ስውር በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ «ያስነሱት» አለኝ።

ዝም። ጥርሴን ነክሼ ጩኸቱን ጠበቅኩ። ዝም። «ውሃ በኩባያ ያምጡልኝ» አለ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቺንጋው ላይ ውሃ ረጨበት። አሁንም ዝም! የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ በረንዳ ላይ ሆነው አጨበጨቡ። እውነቴን ነው።

ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። እናቴ ቅዳሴ ናት። ጠዋት ስትወጣ «ሳልመጣ እንዳይሄድ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እሱም ጿሚ ነው ለካ። «እጠብቃቸዋለሁ» አለና ተቀመጠ። መቀመጥ ግን አልቻለም፤ የጎረቤቴን መኪና የተሰበረ የዝናብ መጥረጊያ እንደምንም አስተካከለለት። ገንዘብ አልተቀበለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ መጣች፣ ሽሮ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። «እናት አለችህ?» ብላ ጠየቀችው። አለችው። «ትጦራታለህ?» ይጦራታል። ከዚያ ወዲያ እኔ ተረሳሁ። እሷና እሱ ስለ ገብስና ስለ ዘንድሮው ዝናብ ሲያወሩ አመሹ።

ለእጁ 1,500 ብር ነው ያስከፈለኝ። ልጨምርለት ስል «ይበቃል ቲቸር» አለ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ያመጣችውን የገብስ ቆሎ በፌስታል ሞልታ ስትሰጠው ግን እምቢ አላለም። ማን እናቴን እምቢ ብሎ ያውቃል።

ዓርብ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጣን። ዝናብ ነበር። እናቴ ጆሮዋን ወደ ፊት ለፊት ዘንበል አድርጋ እስከ መገናኛ ድረስ አልተናገረችም። መገናኛ ስንደርስ «አታለቅስም» ብላ ነጠላዋን ተከናነበችና እንቅልፍ ወሰዳት። ለሞራው ቀዶ ጥገና ለመስከረም ቀጥረዋታል። ጸልዩላት።

ከሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። «ቲቸር፣ ድምፅ አለ?» አለኝ። ጋራዥ ደውሎ «እንዴት ሆነች» ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ስልኩን እዚህ አልጽፈውም፤ «ሰው በሌሊት ይደውላል» ብሎ ለምኖኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ቺንጋ፣ ፍሬን፣ ባትሪ፣ የመሳሰለውን ቤታችሁ መጥቶ ይሠራል። ቀለምና ቦዲ አይሠራም፣ የማይችለውን «አልችልም» ይላል። ዋጋ ላይ አትከራከሩት፤ እውነተኛውን ነው የሚነግራችሁ። የመኪናችሁን ሞዴል ቀድማችሁ ንገሩት። እሁድ አትደውሉለት፣ አያነሳም።