ለአርጂል እና ለዲስፕሌይካል ሠሪዎች ምስጋና፣ ለፎቶ ኤዲቲንግ ሞኒተር ለምትመርጡ ጥቆማ

ግሬም ጊል የሞኒተርን ቀለም ለክቶ የሚያስተካክለውን አርጂል ሲኤምኤስ የተባለ ፕሮግራም፣ ፍሎሪያን ሆኽ ደግሞ በአርጂል ላይ የሚሠራውን ዲስፕሌይካልን ሠርተው ለማንም በነጻ ስለለቀቁ ከልብ እናመሰግናቸዋለን። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ፓይተን 2፣ ድጋፉ ሲቋረጥ ዲስፕሌይካልን ወደ ፓይተን 3 ያሻገሩትን በጎ ፈቃደኞችም እግዜር ይስጥልን። ፎቶ የሚያርም ሰው ሞኒተር ሲመርጥ ለክቶ እንዲወስን ያስቻሉት እነሱ ናቸው።

ዲስፕሌይካልን ለመጠቀም ስክሪን ላይ የሚንጠለጠል የቀለም መለኪያ፣ ከለሪሜትር፣ ያስፈልጋችኋል። ለብዙ ባለሙያ አንድ ይበቃልና ተዋጥታችሁ ግዙት። መለኪያው ስፓይደር የተባለው ከሆነና ዊንዶውስ ላይ አልታይ ካለ፣ ዲስፕሌይካል ውስጥ ቱልስ ከሚለው ሜኑ የአርጂልን ድራይቨር ጫኑ።

ሞኒተር ስትመርጡ መጀመሪያ የቀለም ሽፋኑን፣ ማለትም ከመደበኛው የቀለም ክልል ምን ያህሉን እንደሚያሳይ፣ እዩ። ካርቶኑ «100% ኤስአርጂቢ» (የኢንተርኔት መደበኛ የቀለም ክልል) ሊል ይችላል። ዲስፕሌይካል ግን ፕሮፋይል (የሞኒተሩን ቀለም የሚገልጽ ፋይል) ከሠራ በኋላ ሽፋንንና ጠቅላላ ስፋትን ለየብቻ ያሳያል። አረንጓዴው ከልክ ያለፈ፣ ቀዩ ግን የጎደለ ሞኒተር በስፋት 100% ሊሞላ ይችላል፤ የጎደለው ቀይ ግን የፊት ቆዳ ላይ መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ የሚቆጠረው ሽፋኑ ነው። «45% ኤንቲኤስሲ» የተባለውን፣ ቀለሙ ጠባብ ስለሆነ፣ ጭራሽ እለፉት። ሥራችሁ ለስልክና ለኢንተርኔት ከሆነ ሙሉ ኤስአርጂቢ ይበቃል። ከእሱ የሚሰፋው የቀለም ክልል፣ አዶቤ አርጂቢ፣ የሚጠቅመው ለጥራት ህትመት ለሚሠራ ነው። በተጨማሪም ሰፊ ቀለም ያለው ሞኒተር፣ ፕሮፋይል በማያነብ ፕሮግራም ላይ የፎቶውን ቀለም ከልክ በላይ ያደምቀዋል።

ፓነሉ (ምስሉን የሚያወጣው የስክሪኑ ክፍል) አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ቲኤን በሚባለው ፓነል ላይ ጭንቅላታችሁ ትንሽ ዝቅ ከፍ ባለ ቁጥር ጥላው ይቀያየራል። ለ27 ኢንች ቢያንስ 2560 በ1440 ፒክስል ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው የስክሪኑን ወጥነት ነው። ዲስፕሌይካል ስክሪኑን 5 በ5 ሳጥን ከፍሎ መለኪያውን በየሳጥኑ እያዛወራችሁ እንድትለኩ ያደርጋል። ግራው ቢጫ፣ ቀኙ ሰማያዊ የሚያደላ ሞኒተር ከወጣ መልሱት። ፕሮፋይሉ ለመላው ስክሪን አንድ ስለሆነ ካሊብሬሽን (ሞኒተሩን ለክቶ ማስተካከል) ይህንን አያድነውም። አንድ ሞዴል ሆነው ሁለት ሞኒተሮች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የመመለስ መብት ያለው ግዢ ምረጡ።

ካሊብሬሽኑ ላይ ስትደርሱ ሞኒተሩ 30 ደቂቃ በርቶ ይሙቅ። ዳይናሚክ ኮንትራስትን፣ አውቶ ብራይትነስንና የሌሊት ሞድን አጥፉ። ነጩን ዲ65 (የቀን ብርሃን ነጭ)፣ ጋማውን (ከጥቁር ወደ ነጭ የብርሃን አካሄዱን) 2.2፣ ብርሃኑን ከ100 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር አድርጉ። «ያተምኩት ፎቶ ጨለመብኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሞኒተሩ ከፋብሪካ እንደመጣ ብርሃኑ እጅግ በዝቶ ስለሚቀር ነው። ዲስፕሌይካል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮችን ሲያሳያችሁ፣ መሀል እስኪደርሱ ድረስ በሞኒተሩ በራሱ ቁልፎች አስተካክሉ። ይህ ሁሉ ለግራፊክስ ካርዱ ከተተወ በ8 ቢት (ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ) ላይ የቀለም ደረጃዎች ይጠፋሉ፤ ጥርት ያለ ሰማይ ፎቶ ላይ እንደ ደረጃ የተቆራረጡ መስመሮች የሚታዩትም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው «ኮሬክሽን» የሚለውን ምርጫ ነው። ከለሪሜትር የባክላይቱን (ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን መብራት) ዓይነት ካላወቀ ይሳሳታል፤ በተለይ ሰፊ ቀለም ባላቸው ሞኒተሮች ላይ። ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ሆነው ነጩ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ካደላባችሁ፣ ከሞኒተራችሁ ባክላይት ጋር የሚገጥመውን ኮሬክሽን መርጣችሁ እንደገና ለኩ። በመጨረሻ ቬሪፊኬሽን (ውጤቱን የማረጋገጥ ልኬት) አሂዱ። አማካይ ዴልታ ኢ (መሆን ከሚገባው ቀለም ያለው ልዩነት) ከ2 በታች ከሆነ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። ልኬቱን በየወሩ ድገሙት።