ለጀማሪ የሚሻለው ባለ እግሩ ነው ወይስ የኤሌክትሪኩ የስፌት መኪና?

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ ለመስፋት አስቦ፣ ባለው አነስተኛ ገንዘብ የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ገበያ የሚወጣ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ምርጫው ያገለገለ፣ በእግር እየተረገጠ የሚሠራ ባለ እግር መኪና ወይም አዲስና ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

በጥንካሬ ባለ እግሩ ይበልጣል። የአልጋ ልብሱ ከላይ ጨርቅ፣ ከመሃል የተነደፈ ጥጥ፣ ከሥር ገበር ስላለው መርፌው ሦስቱን በአንድ ጊዜ መውጋት አለበት። ከብረት የተሠራው አሮጌ መኪና ወፍራሙ 100 ቁጥር መርፌ ከገባለት ይህን በእርጋታ ይወጣዋል፤ ርካሹ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ስፌቶች በሚገናኙበት ወፍራም ቦታ ላይ ሲደርስ ይታገላል፣ ስፌትም ይዘላል። መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል።

ለመልመድ የኤሌክትሪኩ ይቀላል፤ ዚግዛግ (የተጠማዘዘ ስፌት) ይሰፋል፣ ተሸክሞ ለመሄድም አይከብድም። ባለ እግሩ ግን ወደ ኋላ ከተረገጠ ክር ስለሚያወሳስብ እግርን ማስለመድ ይጠይቃል።

ያገለገለ መኪና ሳይፈተሽ አይገዛም። ሁለት ድርብ አቡጀዲ ሰፍቶ የሥሩን ስፌት ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ የላላ ቺንጋ (መኪናውን የሚያዞረው ቀበቶ) በቀላሉ ይቀየራል፣ የመርፌው ዘንግ ወዲያና ወዲህ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን መተው ይሻላል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር፣ ቋሚ ቦታ ላለውና ወፍራም ሥራ ለሚያስብ ባለ እግሩ ይስማማዋል። ባሕር ዳር በጠባብ የኪራይ ክፍል እየኖረ ስስ የሕፃን መጠቅለያ ለሚሰፋ፣ የልብስ ጥገናም ለሚጨምርበት የኤሌክትሪኩ ይመረጣል።